አጥንቱ እስኪገጥም

በሕይወቴ እስር ቤት ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን የአንዲት ሴት እግር እስኪድን እየጠበቅሁ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ መውጣት ሳልችል ሃምሳ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። በር የቆለፈብኝ ሰው አልነበረም፤ ዘበኛም አልቆመብኝም። ምግቤ በሰዓቱ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ዶክተር፣ ደህና አደርሽ?» ይለኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የሚሰድብን ሰው ጥሎ መሄድ ቀላል ነው፤ የሚያበላን ሰው ጥሎ መሄድ እንዴት እንደሚቻል ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የከብት ሐኪም ነኝ። ሶማሌ ክልል የሄድኩት እንደ ብዙዎቹ ተመዳቢዎች «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ነው። ሁለቱን ዓመት ጅግጅጋ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ ጨረስኩና፣ ከደምበል ወደ ሰሜን አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ ከተማ ተላክሁ። ከተማ የተባለችው ፍርድ ቤትና ጤና ጣቢያ ስላላት ነው እንጂ፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር ለመሄድ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪበርድ ያለው ጊዜ ይበቃል። ሥራው ግን ሥራ ነበር። ግመል አከምኩ፣ ፍየል ከተብኩ፣ የቢሮውን ሞተር ሳይክል እየነዳሁ ስማቸውን ካርታ የማያውቃቸው መንደሮች ደረስኩ። መጀመሪያ ሴት ሞተር ላይ ሲያዩ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ለመዱኝ፣ እኔም ለመድኳቸው። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ልጄ ደብረ ብርሃን ከእናቴ ጋር ነበረች። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ሄዷል፤ ስለሱ ይህን ያህል ይበቃል። ጥርሷ ሲወልቅ በስልክ ነው ያየሁት፣ ፊደል ስትቆጥር በስልክ ነው የሰማሁት። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ በየዓመቱ «መደብ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። «አንቺ ነሽ የምታስገቢኝ» አለችኝ፤ «እኔ ነኝ» አልኳት። ዝውውሩ ባይሳካ እንኳ ፈቃድ ጠይቄ ለመሄድ ወስኜ ነበር። እናት ለልጇ የምትገባውን ቃል ማንም አያስፈርማትም፣ ለዚህም ነው ሳትፈራ የምትገባው።

አደጋው የደረሰው ሐምሌ ውስጥ ነው። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰው ጭምብሉን አንገቱ ላይ ማንጠልጠል በጀመረበት ጊዜ። ከክትባት ስመለስ ንፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊቴን ይገርፈኛል። ከተማዋ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት የወተት ጄሪካን ይዛ መንገድ ታቋርጥ ነበር። በመልክ አውቃታለሁ፤ ገበያ ውስጥ የግመል ወተት የምትሸጠው ናት። መሀል ላይ ስትደርስ ንፋሱ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጠመጠመባትና ቆመች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች። ፍሬን ያዝኩ፣ ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ተያይዘን ወደቅን። እኔ ክንዴ ተላጠ። የሞተሩ ክብደት ያረፈው የሷ ግራ እግር ላይ ነበር። ሳስበው ጥፋቱ የንፋሱ ይመስለኛል፤ ንፋስ ግን ተከሶ አያውቅም።

ጅግጅጋ ሆስፒታል ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ከጉልበቷ በታች ያለው ትልቁ አጥንት ተሰብሯል። ሐኪሙ ጀሶ አሰረላትና ለባሏም ለእኔም እየደጋገመ ነገረን፤ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ከዚያ በፊት እንዳትረግጥበት። የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንስቼ አየሁት። አንድ ግመል እንዲህ ቢሰበር ባለቤቱን ቢላዋ እንዲስል ነው የምነግረው። ሰው ስለሆነች አመሰገንኩ።

ስንመለስ ፖሊስ መታወቂያዬንና መንጃ ፈቃዴን ወሰደ፤ በሦስተኛው ቀን ዳኛው ፊት ቀረብኩ። ዳኛው ጅግጅጋ ያደገ ወጣት ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። «ዶክተር፣ ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «አንደኛው እዚህ መከራከር ነው። ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይራዘማል። ሁለተኛው በሽማግሌ መጨረስ ነው። እነሱ አስማምተው ሲያመጡልኝ የሁለታችሁንም ፈቃድ ጠይቄ አጸድቀዋለሁ፣ ፋይሉም ይዘጋል። እስከዚያ ግን ከወረዳው አይወጡም።»

«የትኛው ይፈጥናል?» አልኩት።

«ሽማግሌ» አለ ሳያመነታ።

ፈረምኩ። ዳኛው አልዋሸኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። በእኛ አገር ሽማግሌ ማለት እሑድ ተቀምጠው፣ ተቆጥተው፣ አስታርቀው፣ በልተው የሚበተኑ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ቢበዛ ሳምንት ይፈጃል ብዬ ልብሴን አጠብኩ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ነው። በአንድ ወገን የወተት ሻጯ ዘመዶች፣ በሌላው ወገን ባዶ ምንጣፍ። ባዶው የእኔ ነበር። እኔ ራሴ ግን ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ራቅ ብላ ባለች ወንበር ላይ እንድቀመጥ ተደረግሁ፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ሴት አትናገርም። ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ተረጎሙልኝ፤ ድሮ ወታደር ስለነበሩ አማርኛ ያውቃሉ። «‹የማን ናት?› ነው የሚሉት» አሉኝ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አልኩ።

በትሕትና ፈገግ አሉ። የጠየቁት ከጀርባዬ የቆመው ወገን የትኛው እንደሆነ ነው። ሄር በሚሉት በአገሩ ልማድ አንድ ሰው ብቻውን አይከሰስም፣ ብቻውንም አይታረቅም፤ ተጠያቂው ወገኑ ነው። ወገን ከሌለኝ የሚያነጋግሩት ሰው የላቸውም። ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ አከራዬ ጫማቸውን አውልቀው ባዶው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ወንድሞቻቸውም ተከተሏቸው። የተናገሩትን በኋላ ነገሩኝ። «ሦስት ዓመት ከቤቴ ውኃ ጠጥታለች። የእኔ ናት። በሷ የሚመጣ በእኔ ይምጣ» ነው ያሉት። ከአባቴ ሞት በኋላ «የእኔ ናት» ያለኝ ሰው አልነበረም። የታሰርኩት በዚያች ደቂቃ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ውሳኔውን ተናገሩ። ቁስል በለጋነቱ አይዳኝም። አጥንቱ ይገጥማል፣ ጀሶው ይወልቃል፣ ሴትዮዋ በሁሉም ፊት ትራመዳለች። የጉዳቱ ልክ የሚለካው በእርምጃዋ ነው። ቀጥ ብላ ከሄደች በይቅርታ ያልቃል፤ ካነከሰች ለዕድሜ ልክ ጉዳት የሚገባውን የእኔ ወገን ይክሳል። አንዴ ከተዳኘ በኋላ ግን ያንን እግር ማንም ዳግመኛ አያነሳውም፤ ያነሳ ሰላም አፍራሽ ነው።

«አጥንቱ የሚገጥመው መቼ ነው?» አልኳቸው አከራዬን፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ እንጂ» አሉኝ ሳቅ ብለው።

ከሦስት ቀን በኋላ ከጅግጅጋ ስልክ ተደወለ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እልል እያለች ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ! ዝውውርሽ መጣ! ደብረ ብርሃን!» አምስት ዓመት የጠበቅኩት ወረቀት። በሰላሳ ቀን ውስጥ ቀርቤ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፤ መደቡ አንድ ብቻ ነው፣ ካልቀረብኩ ለሚቀጥለው ተራ ጠባቂ ይሰጣል። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለተቀባዩ ቢሮ ደውዬ፣ ለምኜ፣ አልቅሼ ሃያ ቀን አስጨመርኩ። «ከዚህ በላይ እኛም አንችልም» አሉኝ። በአንድ እጄ ሃምሳ ቀን፣ በሌላው የሦስት ወር አጥንት።

ዳኛው ጋ ሄድኩ። «ጉዳዩ ሽማግሌ ጋ ነው» አለኝ፤ «ፈርመውበታል።» ሽማግሌዎቹ ጋ ሰው ላክሁ። «ቁስሉ ለጋ ነው» አሉ። አከራዬ ሁለቱንም መልስ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው እንደማለት። እኔንም ያሳበደኝ ይኸው ነው። አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቢሆንልኝ የምናደድበት አገኝ ነበር። ሥራ ላይ ሞተር መንዳት ተከልክያለሁ፣ ቢሮ ውስጥ የክትባት መዝገብ እያየሁ እውላለሁ። ማታ ማታ ልጄ ትደውላለች። «የደንብ ልብሴ ተሰፋ» ትላለች። «ቦርሳዬ ሐምራዊ ነው» ትላለች። እናቴ ከጀርባ «ስንት ቀን ቀረሽ በያት» ስትል እሰማታለሁ።

በሃያ ምናምነኛው ቀን የክትባት መኪና ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ ነው ተባለ። ሹፌሩ የወሎ ልጅ ነው፤ ሁኔታዬን ያውቃል። «መታወቂያ እንደሁ ጠፋብኝ ብለሽ ታወጪያለሽ። ግቢና ተቀመጪ፣ ማንም አያይሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እግሬ አውጪኝ ብለው የሄዱ ሰዎች ታሪክ እንደ ቀልድ ይወራል። ሻንጣዬን አሰርኩ። ስወጣ አከራዬ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ለሰላት እየታጠቡ ነበር። ሻንጣውን አዩት። ውኃውን እግራቸው ላይ ማፍሰሳቸውን አላቆሙም።

«አዴር፣ ልጄ…» አልኩ። በሶማሊኛ አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲህ ይላቸዋል።

«አውቃለሁ» አሉ። «አልይዝሽም። ፖሊስም አልጠራም።» ሁለተኛውን እግር ታጠቡ። «ከሄድሽ ግን የዚያች ሴት ወገኖች እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ‹የእኔ ናት ብለህ ነበር፣ የት አለች?› ይሉኛል። ልጆቼ ከብት የሚያጠጡት ከነሱ ጉድጓድ ነው። እንግዲህ ይህንን እወቂ ብዬ ነው እንጂ፣ አልይዝሽም።»

ጠላኋቸው። ለዚህ ሌላ ቃል የለኝም። እኚያ ደግ ሰው እጃቸውን ቢያነሱብኝ፣ በሩን ቢዘጉብኝ፣ ገፍቻቸው እወጣ ነበር። እሳቸው ግን ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ መስጊድ ሄዱ፤ በሩም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቀረ። የመኪናው ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማኝ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፁም ራቀ። ሻንጣዬን ፈታሁት።

ወተት ሻጯን ለመጠየቅ የፈቀዱልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጉዳዩ ክፍት እያለ የሁለት ወገን ሰው መጠያየቁ ደስ አይልም፤ ግን የአከራዬ ሚስት «የሴት ነገር ነው» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ክፍሏ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች፣ እግሯን የሩዝ ጆንያ ላይ ሰቅላ።

«ገዳዬ መጣች!» አለች በአማርኛ።

ደነገጥኩ። ኤረር ነው ያደገችው፤ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከባቡር ሠራተኛ ልጆች ጋር። አማርኛዋ የልጅ አማርኛ ነው፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ እርስዎ የሚባል ነገር የማያውቅ። አራት ልጆች አሏት። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ፎቶዋን አሳየኋት፣ «ከሲታ ናት፣ ወተት አትሰጧትም?» ብላ ወቀሰችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ እሄድ ነበር። ሰው ሰብሬ ጓደኛ አገኘሁ ብል ያሳፍራል፣ ግን የሆነው እንዲያ ነው። በዚያች ከተማ ውስጥ እንደ እኔ የታሰረች ሌላ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ስለ እስሯ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለእኔ የታመመች ሴት ናት፣ ተኝታ ትድናለች። አንድ ቀን ግን ተናደደች። «ተቀምጦ ወተት መስፈር በእግር ነው እንዴ?» አለችኝ። «ጄሪካኑን ደጄ ላይ አድርጌ እሸጥ ነበር። የባሌ ወንድሞች ‹ስትሠሪ ከታየሽ ደህና ናት ይላሉ፣ ጉዳያችንን ታበላሺያለሽ› አሉኝ። ደጅ እንኳ መቀመጥ የለም። ደንበኞቼን ያቺ የማዶዋ ወሰደቻቸው። አሥር ዓመት የያዝኳቸው ደንበኞች!» የማዶዋን ስም እየጠራች በሶማሊኛ ረገመቻት። አማቷ ከውጭ ሲያስሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁሉም እግሬን ይጠብቃል። ለእኔ የሚጠብቅ የለም።»

አርባ ሰባተኛው ቀን ላይ ስገባ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። እኔ የመጣሁት ተስፋ መቁረጤን ልነግራት ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል፤ ትምህርት ቤትም ሊከፈት ነው፤ ልጄም ስልክ አላነሳም ብላለች፣ «መምጣትሽን ሲነግሩኝ አናግርሻለሁ» ብላ። ይህን ስነግራት ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታልቅሺ። ጀሶውን አውልቂልኝ» አለችኝ።

አልገባኝም።

«አውልቂልኝ። ለአባቴ እልክበታለሁ፤ በወገን በኩል ጉዳዩን የያዘው እሱ ነው፤ ‹ድኛለሁ፣ ይዩኝ› እላለሁ። እራመዳለሁ። አንቺ ልጅሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ እኔ ገበያዬ እገባለሁ።»

«አልደረሰም» አልኳት። «ሦስት ወር ነው የተባለው። ገና ነው፣ ይጣመምብሻል።»

አንዴ ነው ያልኳት። ሁለተኛ አላልኳትም።

በማግስቱ አማቷ ለቅሶ ሄዱ። የፍየል ሰኮና መቁረጫዬን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ጀሶውን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሼ ከጉልበቷ ጀምሬ ወደ ታች ቆረጥኩት። እግሯ ቀጥኗል፣ ቆዳው ተላልጧል። በጣቴ አጥንቱን ተከትዬ ወረድኩ፤ ስብራቱ ያለበት ላይ ስደርስ እብጠቱ ነበር፣ አጥንቱ ግን ገና በደንብ አልጠነከረም፣ ጫን ሳደርገው በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ከብት ቢሆን ባለቤቱን «ገና አታስነሳው» እለው ነበር። ፊቷን አየሁት፤ እሷም የእኔን ታያለች። «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ቀስ ብለሽ ተለማመጂ» አልኳት።

ሁለት ቀን ግድግዳ እየያዘች ተለማመደች። ለባሏ ወገኖች የነገረቻቸው የኤረር ወጌሻ ዘመዷ መጥቶ እንዳየላት ነው። እነሱ መጠበቁን ይመርጡ ነበር፤ አባቷ ግን ደስ አላቸው፣ ሽማግሌዎቹም እንደዚያው፤ ክፍት ጉዳይ ለማንም ሸክም ነው። አርብ ከሰላት በኋላ በትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር እንደገና ተሰበሰቡ። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ መሀሉ ክፍት ተተወ።

ከጥግ ብቅ ብላ መጣች። እግሯን አላየሁም፣ አልቻልኩም። ያየሁት እጇን ነው። የሻርፗን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች፤ ጣቶቿ ከመጨበጣቸው ብዛት ደም የላቸውም። አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጠርኩ። ቀጥ ብላ ሄደች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጥቶ ነበር፤ ቀኑ ሞቃት ስለሆነ ማንም አላስተዋለም። ትልቁ ሽማግሌ ጣታቸውን አዙረው አንድ ነገር አሉ። «አንዴ ትመለስ አሉ» ብለው አከራዬ ሹክ አሉኝ። ተመለሰች። አሥራ ሁለት እርምጃ እንደገና። ሳልፈልግ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር፤ አከራዬ በእጃቸው አስቀመጡኝ፤ የደስታ መስሏቸው ነው።

ዘላቂ ጉዳት የለም ተባለ። በይቅርታ አለቀ። የአከራዬ ወገኖች ፍየል አረዱ፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው በሉ፣ ሰዎቹ ተሳሳቁ። አከራዬ «ይኸው ልጄ፣ አልዋሸሁሽም» አሉኝና ራሴን በእጃቸው ነካ አደረጉኝ።

የሽማግሌዎቹ ጽሑፍ በዚያው ከሰዓት በኋላ ለዳኛው ደረሰው። እኔና እሷ ጎን ለጎን ቆምን፤ ወንበር ሲሰጣት «አልቀመጥም» አለች። ዳኛው አነበበ፣ መጀመሪያ እሷን በሶማሊኛ ጠየቃት፤ ፈጠን ብላ መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ ስምምነቱ በነፃ ፈቃድዎ ነው? የሚጨምሩት ነገር አለ?» ስንት ቀን ሙሉ ወንዶች በማላውቀው ቋንቋ ስለ እኔ ሲናገሩ፣ አንድ ሰው እኔኑ ይጠይቀኝ ብዬ ስበግን ከርሜአለሁ። ይኸው ተጠየቅሁ፣ ያውም በአማርኛ፣ ያውም ሙያዬ ተጠርቶ።

«የለም» አልኩ።

በማግስቱ መታወቂያዬን ተቀብዬ አውቶቡስ ያዝኩ። የትምህርት መክፈቻው ቀን ልጄን ራሴ ይዣት ገባሁ። ሐምራዊ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይበልጣል፤ እጄን እስከ ክፍሏ በር አልለቀቀችውም። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት ያ የክትባት መኪና ሹፌር ለሌላ ጉዳይ ደውሎልኝ፣ በወሬ መሀል «ያቺ የመታሻት ወተት ሻጭ እኮ በዱላ ነው የምትሄደው» አለኝ። «ምክንያቱን ስትጠየቅ ‹ከደረጃ ወድቄ ነው› ትላለች አሉ። እዚያ ከተማ ደግሞ ደረጃ የለም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳምንት ሙሉ ነገሩን አገላበጥኩት። ለሽማግሌዎቹ ብናገር «የእኔ ናት» ብለው የቆሙልኝ አከራዬ በስተርጅና ይዋረዳሉ። ለዳኛው ብጽፍ በፈቃዴ የፈረምኩት ወረቀት አለ። ዝም ብልም ዝም ብያለሁ። በየትኛውም በኩል ስሄድ አንድ ሰው ላይ ነው የምቆመው።

በመጨረሻ ለራሷ ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ ጮኸች። «ገዳዬ! ልጅሽ ወፈረች?» ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ ደንበኞቿን መልሳ አግኝታለች፣ ደስ አለኝ። ስለ እግሯ ጠየቅኳት።

«የትኛው እግር?» አለች።

«በዱላ እንደምትሄጂ ሰምቻለሁ። ለዳኛው እጽፋለሁ። ጀሶውን ያወለቅኩት እኔ ነኝ፣ እንዳልደረሰ እያወቅሁ። እናገራለሁ።»

ሳቋ ከድምፏ ውስጥ ጠፋ። «ስሚኝ ዋላል» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። አሁን ልትጽፊ ነው? ‹ውሸታም ናት› ልትያቸው ነው? አባቴ በእኔ ቃል ነው የታረቀው። እግሬን ወስደሻል፣ ቃሌን ተዪልኝ።» ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም፤ ዋጋ እንደምትናገር ነው ያለችው። ከዚያ አንድ ሰው በሶማሊኛ ጠራት። «ደንበኛ መጣ፣ ቆይኝ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ የሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጣው ተነሳች።

ቆየኋት። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ በጠንካራ መሬት ላይ የሚሄድ እንስሳ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ሳላየው በድምፁ ብቻ እለያለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እርምጃዋን ሰማሁ፤ እየራቀ ሄደ፣ ወተቱን ቀዳች፣ ተመለሰ። የሚያነክሰው ግራው ነው።